ለነጭ ቀሚስና ለጠራራ ፀሐይ የሚሆን ካሜራ

አዳማ ላይ የፎቶና የቪዲዮ ሥራ ሊጀምር ያሰበ ወጣት ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ሜጋ ፒክስል ነው?» ነው። ቀጥሎ «4ኬ ይቀርጻል?» ይላል። እኔ መልሼ የምጠይቀው ስለ ሰርጉ ነው። ጠዋት ሙሽሪት የምትለብስባት ባለ አንድ አምፖል ጠባብ ክፍል አለች። እኩለ ቀን ላይ የሆቴል ግቢ ወይም የሶደሬ ዛፎች ጥላ ይመጣል። ማታ ደግሞ ዲጄው ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያሽከረክርበት አዳራሽ። ያው አንድ ካሜራ በሦስቱም ቦታ ፎቶም ቪዲዮም አውጥቶ ደንበኛ ፊት ሳያሳፍር ያስቆማል ወይ? መካከለኛ የሚባሉትን ዲኤስኤልአሮች የምመዝናቸው በዚህ ነው።

ድሮ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። ፎቶ አንሺው ባለ 36 ፊልሙን እየቆጠበ ያነሳል፤ ቪዲዮ ቀራጩ የካሴት ካሜራውን ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ፓውዛ የሚይዝለት ልጅ አስከትሎ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒኮን ዲ90 ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር ሆኖ ወጣ። በዚያው ዓመት ካኖን 5ዲ ማርክ 2ን በሙሉ ኤችዲ አስከተለ። ከዚያ ወዲህ አነስተኛ ሰርግ የሚደግስ ቤተሰብ አንድ ሰው ጠርቶ ሁለቱንም መጠበቅ ለመደ። ክፍያው ግን እጥፍ አልሆነም።

እኛን ከሁሉ በላይ የሚፈትነን ነጭ ልብስ ነው። የሐበሻ ቀሚስ አለ፣ ነጠላ አለ፣ ጋቢ አለ፤ በኢሬቻ ዕለት ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ዳር ሲወረድ ደግሞ ዓይን እስከሚደርስበት ሁሉ ነጭ ነው፤ ከኋላው ሐይቁ ፀሐይን ያንጸባርቃል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ያኔ ቀሚሱ አመድማ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ይጠቁራል፤ እናትየዋም አልበሙን ገልጣ «ልጄን ምነው እንዲህ አደረጋችኋት?» ትላለች። መድኃኒቱ ኤክስፖዠሩን በእጅ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ነገር ግን ከፍ ሲደረግ የሽመናው መስመርና የጥበቡ ዳር ዳር በብርሃን ይበላል። ፎቶ ከሆነ በሮው ይነሳና ኮምፒውተር ላይ የተወሰነው ይመለሳል። በቪዲዮ ይህ ዕድል የለም፤ የእነዚህ ካሜራዎች ቪዲዮ ባለ 8 ቢት የታመቀ ፋይል ስለሆነ ነጩ አንዴ ከተቃጠለ ተቃጠለ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ስቀርጽ ብርሃኑን በቀሚሱ ልክ አስተካክልና ፊት ላይ ብርሃን እጨምራለሁ። መብራት ከሌለ አንዷ ሚዜ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ በጥላው በኩል ክንድ ተኩል ርቃ ትቆማለች። ከነጠላው የሚመለሰው ብርሃን ከዓይን ሥር ያለውን ጥላ ያነሳዋል፤ ቀለሙም የቆዳውን ሙቀት አያበላሽም። ከፋብሪካ ከመጣው ብርማ ሪፍሌክተር ይልቅ ለጠይም ፊት ነጠላ እመርጣለሁ።

መካከለኛውን ካሜራ ከጀማሪው የሚለየውም እዚሁ ላይ ነው። በካኖን በኩል 60ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲና 90ዲ ሁለት መዘውር አላቸው፦ አንዱ በሌባ ጣት፣ ሌላው በአውራ ጣት የሚዞር። ዓይንን ከካሜራው ሳያነሱ፣ ሙሽራዋ ከጥላ ወደ ፀሐይ ስትወጣ፣ አውራ ጣት ብቻ አዙሮ ብርሃኑን ማስተካከል ይቻላል። እንደ 700ዲ ባሉት ላይ መዘውሩ አንድ ስለሆነ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማዞር ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ይህ ምንም አይመስልም። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ግን ልዩነቱ የተገኘና ያመለጠ ፎቶ ነው። ስለ ሜጋ ፒክስል የሚጨነቀው ወጣት ስለ መዘውር ሲጠይቅ እስካሁን አልሰማሁም።

ወደ ቀትር ፀሐይ እንምጣ። ቪዲዮ በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ እንቅስቃሴው ለዓይን እንዲጥም ሻተሩ 1/50 አካባቢ መሆን አለበት። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ በቀጥታ ስታርፍ፣ አይኤስኦን 100 ላይ አውርደን እንኳ፣ በዚህ ሻተር ትክክለኛው አፐርቸር ኤፍ 22 ገደማ ይወጣል። በኤፍ 22 የኋላው ግድግዳ፣ የቆመው ባጃጅ፣ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ከሙሽሮቹ እኩል ጎልቶ ይታያል። ወደ ኤፍ 4 ለመውረድ ብርሃኑን 32 እጥፍ መቀነስ ይጠይቃል፤ ይህን የሚሠራው ሌንሱ ላይ የሚጠመድ ጥቁር መነጽር፣ ኤንዲ ፊልተር የሚባለው ነው። አብዛኛው ሰው ግን ሻተሩን ወደ 1/1000 ያፈጥንና የእስክስታው ትከሻ እየተቆራረጠ የሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ ያስረክባል። ከዚያ ካሜራው ይወቀሳል።

ጠባቧ ክፍል ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ወደ ፊት ሲሳብ አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ነው። ርካሹ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከዚህ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ በአይኤስኦ 6400 የሚነሳውን በ640 ማንሳት ማለት ነው። ለዚህ ነው ሁሉም «50 ግዛ» የሚለው። ልክ ነው፤ ግን ለግቢና ለአዳራሽ ነው። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር አነስ ያለ ስለሆነ በካኖን 50ው እንደ 80 ሆኖ ያያል። ክፍሏ ሦስት በሦስት ከሆነች፣ አልጋና ቁም ሳጥን ካለባት፣ ጀርባ ግድግዳ ነክቶም ሙሽሪትና እናቷ አብረው አይገቡም። ለክፍሉ ከታምሮን ወይም ከሲግማ 17-50 ኤፍ 2.8 ያገለገለ መፈለግ ይሻላል። በእኔ ግምት አንድ ሰው ለዚህ ሥራ ካለው ገንዘብ ከግማሽ በላዩን ቦዲ ላይ ካዋለ ገንዘቡን አላወቀበትም። ቦዲ ይለወጣል፣ ሌንስ ይቆያል።

ፎከስን በተመለከተ መስመሩ ግልጽ ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2013 በ70ዲ ያስገባው ዱዋል ፒክስል የሚባለው አሠራር ቪዲዮ እየተቀረጸ ፊትን ተከትሎ ፎከሱን በለሆሳስ ያስተካክላል። ሙሽሮች ወደ ካሜራው እየጨፈሩ ሲመጡ በእጅ ፎከስ ተከትሎ መዝለቅ ረዳት ላለው ሰው የሚሆን ሥራ ነው፤ እኛ ረዳታችን ቦርሳ ያዥ ነው። የኒኮን ዲ7200ና ዲ7500 ለፎቶ ግሩም ናቸው። ዲ7200 ሁለት የካርድ ቦታ ስላለው አንዱ ካርድ ቢበላሽ የሰው ሰርግ አይጠፋም፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዲ7500 አስቀርቶታል፤ ካኖን 80ዲም የለውም። ሆኖም ሁለቱ ኒኮኖች ቪዲዮ ላይ ፎከስ ፍለጋ ወዲህ ወዲያ ሲሉ ይታያሉ። ዲ7500 4ኬ ሲቀርጽ ደግሞ ምስሉን ይቆርጣል፤ 18 ሚሊ ሜትሩ እንደ 40 ይሆናል፣ ክፍሏም ይብስ ትጠባለች። ደንበኛ 4ኬ ይጠይቃል እንጂ ቪዲዮውን የሚያየው በቴሌግራም ተልኮለት ስልኩ ላይ ነው።

አንድ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ልጨምር። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙው አምፖልና ሸምበቆ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ለ60 ኸርዝ አገር ተስተካክሎ ኤንቲኤስሲ ላይ ነው የሚመጣው። በዚያው በ30 ፍሬምና በ1/60 ከተቀረጸ አዳራሹ ሁሉ እየተርገበገበ፣ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች እየወረደ ይወጣል። ሜኑ ገብቶ ወደ ፓል መለወጥ፣ 25 ፍሬም ማድረግ፣ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማሰር በቂ ነው። ያ ዝነኛ 5ዲ ማርክ 2 ራሱ ሲወጣ 30 ፍሬም ብቻ ነበር የሚቀርጸው፤ 25 የተጨመረለት እ.ኤ.አ. በ2010 በሶፍትዌር ማሻሻያ ነው። ከአሜሪካ የሚመጡት ስማቸውም ይለያል። «ሬብል ቲ7አይ» የሚለው እኛ 800ዲ የምንለው ነውና ሻጭ አዲስ ሞዴል ነው ብሎ እንዳያሞኛችሁ።

መብራት ይጠፋል። ይህ ዜና አይደለም፤ ግን ካሜራ መምረጫ ነው። መስታወት አልባዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች ቀለል ያሉ፣ ፎከሳቸውም የሰላ ነው። ሆኖም በቅርብ ዋጋ የሚገኘው ካኖን ኤም50 በፋብሪካው መለኪያ በአንድ ባትሪ 235 ፎቶ ሲያነሳ፣ 80ዲ በዚያው መለኪያ 960 ያነሳል። የ80ዲው ባትሪ ዓይነት ከ5ዲ ማርክ 2 ጀምሮ በ60ዲ፣ በ70ዲና በ6ዲም የሚሠራ ስለሆነ ከባልደረባ መዋስ ይቻላል። በዚህ ከተማ ሥራችን በመዋዋስ የቆመ ነው፤ ሁሉም ካኖን ሲይዝ ብቻውን ሌላ የያዘ ሰው ሌንስም ባትሪም የሚያበድረው አያገኝም። የካሜራ ጥራት ሠንጠረዥ ላይ ይህ አይጻፍም።

ነፋሱስ? በአዳማ ዙሪያ ባለው ኮረብታ ላይ 136 ተርባይኖች የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። በበጋ አቧራው ሌንስ ሲቀየር ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ኋላ በሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ውጭ ሜዳ ላይ ሌንስ የማልቀይረው ለዚህ ነው፤ የግድ ከሆነ መኪና ውስጥ ገብቼ፣ ካሜራውን አጥፍቼ፣ አፉን ወደ ታች አድርጌ ነው። ለቀን ውሎ 18-135 ሌንስ አንዱን ተክሎ መዋል ከስንት ጣጣ ያድናል።

ከሰርግ ውጭ ላለው ሥራ ትንሹ ሴንሰር እንዲያውም ይጠቅማል። ባቱ ላይ ደምበል ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ትርፍራፊ ሲጥሉ የሚሻሙትን አባ ኮዳዎችና ፔሊካኖች፣ ወይም አቢያታ ላይ ከሩቅ የሚታዩትን ፍላሚንጎዎች ለማንሳት ባለ 55-250ው ርካሽ ሌንስ እንደ 400 ሆኖ ያቀርባል። አቢያታ ላይ ግን ውኃው ሸሽቶ ዳሩ ረግረግ ስለሆነ ከሌንሱ በላይ የሚያስፈልገው የአካባቢው ሰው ምክር ነው።

ድምፅ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ የማይክ ቀዳዳ የሌለው ካሜራ አይገዛ። 70ዲ የማይክ እንጂ የማዳመጫ ቀዳዳ የለውም፤ 80ዲ ሁለቱም አለው። የሽማግሌዎቹ ምርቃት የሚሰማው አንዴ ነው። ማይኩ መሥራቱን በጆሮ ሳያረጋግጡ መቅረጽ ቁማር ነው።

ዋጋ አልጽፍም። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የካሜራ ዋጋ የሚጻፍ ነገር አልሆነም፤ ዛሬ የተባለው ለከርሞ አይደርስም። ዋጋው እንዲህ ባለበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ካኖንም ኒኮንም አዲስ ዲኤስኤልአር አለማውጣታቸው ለእኛ ይበጃል፤ ውጭ ያለው ባለሙያ ወደ መስታወት አልባው ሲዞር አሮጌዎቹ በሻንጣ እየመጡ ነው። የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ ፎቶም ቪዲዮም ለሚሠራ ያገለገለ 80ዲ፤ አቅም ካነሰ 70ዲ፤ ቪዲዮ የማይሠራ ዲ7200 ይያዝ። 90ዲ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥሩ ካሜራ ነው፤ ለእሱ የሚከፈለው ትርፍ ግን ሌንስና ማይክ ቢገዛበት ይሻላል።

ስትገዙ የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱና ነጠብጣቡን አጉልታችሁ እዩ። ሌንሱን ከድናችሁ አንድ ፎቶ አንሱ፤ ጥቁሩ ላይ የሚያበሩ ነጥቦች ካሉ ሴንሰሩ ደክሟል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ድንገት የሚጠፋ ወይም ባትሪ የሚጨርስ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ኒኮን ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚጽፍ ኮምፒውተር ላይ ማየት ይቻላል፤ መካከለኞቹ ካኖኖች አይጽፉም። የ80ዲ ሻተር የተገመተለት ለ100,000 ስለሆነ «ብዙ አልሠራም» የሚለውን የሻጭ ቃል ብቻ አትመኑ፤ የመዝጊያው ቁልፍ ቀለሙ መልቀቁንና የመያዣው ጎማ መላላቱን እዩ። ይህን ሁሉ እንድትሞክሩ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።