ስለ ጋራ ካርታዎች መጨናነቅ የቀረበ ሂስ

ብዙ ሰዎች በፈቃዳቸው ተባብረው በኢንተርኔት የሚሠሯቸው ካርታዎች በመረጃ እጦት የሚታሙበት ጊዜ በብዙ ስፍራ አልፏል። ዛሬ የሚታሙት በተቃራኒው ነው፤ ይኸውም በመረጃ ብዛት አንባቢውን ያደናግራሉ ተብለው ነው። ክሱ እውነትነት አለው። ነገር ግን ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ብዙዎች የሚሰጡት መልስ የተሳሳተ ይመስለናል።

ሁለት ሥራዎችን እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ዊኪማፒያ ማንም ሰው በሳተላይት ፎቶግራፍ ላይ የፈለገውን ቦታ ከብቦ ስም እንዲሰጠው ፈቀደ። ሐሳቡ ለጋስ ነበር፤ ውጤቱ ግን ሳጥን በሳጥን ላይ የተደረበበት ገጽ ሆነ። ሆስፒታሉም ባዶው መሬትም በአንድ ዓይነት መሥመር ስለሚታጠሩ ዓይን የቱን ማስቀደም እንዳለበት አያውቅም። ስቲቭ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የመሠረተው ኦፕንስትሪትማፕ ግን መዝገቡንና ሥዕሉን ለየ። መዝገቡ ዛፍንም፥ አግዳሚ ወንበርንም፥ የመንገድ መብራትንም ይቀበላል፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከየትኛው ርቀት ምን ይታይ የሚለውን የሚወስነው ሥዕሉን የሚያወጣው ሌላ ፕሮግራም ነው።

ይህ ታላቅ ብልሃት ነው፤ ሆኖም ሥራውን ከትችት አያድነውም። በዋናው ገጽ ላይ የሚታየው መደበኛ ሥዕል ከዓላማዎቹ አንዱ ሠሪዎቹ የመዘገቡትን መልሶ ለራሳቸው ማሳየት ነው። መዝጋቢው የደከመበትን ነገር ማየት ይሻል፤ መንገደኛው ግን የሚሻው የሚሄድበትን ብቻ ነው። መጨናነቁ የሚመጣው አንድ ሥዕል ለሁለቱም ልታዘዝ ሲል ነው። አልፎ አልፎም አንድ ነገር በሥዕሉ ላይ እንዲወጣ ሲባል ያልሆነውን ሆኖ ይመዘገባል። ነባር አባላት ይህን ልማድ አጥብቀው ይነቅፉታል፤ እኛም እንነቅፈዋለን።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። በብራሰልስ የጎዳናው ስም በፈረንሳይኛና በደችኛ ጎን ለጎን ስለሚጻፍ ቦታውን እጥፍ ይይዛል። መዝገቡ ግን ለየቋንቋው የተለየ መደብ አለው፤ አማርኛም አለው። መረጃው ሳይሣል ተልኮ በአንባቢው መሣሪያ ላይ የሚሣልበት ዘዴ ስላለ አንባቢው ቋንቋውን መምረጥ ይችላል።

አንዳንዶች መድኃኒቱ መሰረዝ ነው ይላሉ። በዚህ አንስማማም። በአዲስ አበባ ሰው መንገድ ሲያመለክት የጎዳና ስም እምብዛም አይጠራም፤ አደባባዩን፥ ቤተ ክርስቲያኑን፥ ነዳጅ ማደያውን ወይም ፎቁን ጠርቶ ከዚያ አለፍ ብሎ ነው ይላል። ለለንደን ነዋሪ ትርፍ የሆነው ማደያ ለእኛ ዋና ምልክት ነው። ከሩቅ ያለ ፈቃደኛ ትርፍ ነው ብሎ ቢሰርዘው ገጹ ይጸዳል፤ በሽተኛ ጭኖ ጤና ጣቢያ የሚፈልገው ባለ ታክሲ ግን መታጠፊያውን ያጣል።

ከዚሁ መዝገብ ሂዩማኒቴሪያን የሚባል ሌላ ሥዕል ወጥቷል፤ ለእርዳታ ሠራተኞች የሚያስፈልጉትን፥ የውኃ ቦታዎችንና የሕክምና ተቋማትን የመሳሰሉትን፥ ጎላ አድርጎ ያሳያል። ይህን ለማድረግ ከመዝገቡ አንዲት ዛፍ መፋቅ አላስፈለገም። የማደያውና የአደባባዩ ስም ከጎዳናው ስም ቀድሞ የሚወጣበት፥ ካፌው ግን ቀረብ ሲሉ ብቻ የሚታይበት የአዲስ አበባ ሥዕል ለማዘጋጀትም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የትኛው ስም ከየትኛው እንደሚቀድም ከባለ ታክሲዎችና ከሰፈር ሰዎች ጠይቆ ማወቅ ነው፤ ይህም ለጂኦግራፊ ተማሪ ከባድ ሥራ አይደለም።