የባልዳምቤ ምስክርነትና የሴቶቹ ድምፅ

ስለ ደቡብ ኦሞ ሐመር ሴቶች ለሚያስተምርም ሆነ ኹጥባ ለሚያዘጋጅ ሰው፣ ጂን ሊዳልና ኢቮ ስትሬከር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ባለ 3 ቅጽ ጥናት ዋነኛ ምንጭ ነው። ስትሬከር በጂንካ ከሚገኘው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም መሥራቾች አንዱ ናቸው። «ባልዳምቤ ያስረዳል» በተሰኘው ሁለተኛ ቅጽ፣ የሐመሩ ተወላጅ ባልዳምቤ የሕዝቡን ሥርዓት በራሱ አንደበት ይተርካል። የመጽሐፉ ብርታት ይህ ነው፤ ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። ስለ ጋብቻ የሚናገረው ወንድ ነውና መጽሐፉ ለሥርዓቱ ምስክር ቢሆን እንጂ ለሚስቲቱ ልብ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሊዳል ከዳይሬክተሯ ጆአና ሄድ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1994 በሠሯቸው 3 ዘጋቢ ፊልሞች ግን ሴቶቹ ራሳቸው ስለ ጋብቻ፣ ስለ መገረፍና ስለ እናትነት ይናገራሉ። ፊልምም በአዘጋጁ ምርጫ የሚቀናበር መሆኑን አንዘነጋም።

ምስክርን በምስክር ማስተያየት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ794 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አዝ-ዘርከሺ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በሶሓቦች ዘገባ ላይ የሰጡትን እርማት በአንድ ኪታብ ሰብስበዋል። እንግዲህ መጽሐፉን ከፊልሞቹ ጋር ሳናስተያይ በሚንበር ላይ ስለ ሐመር ሴት ብንናገር፣ ባለጉዳይዋን ሳንሰማ ፈረድን ማለት ነው።