ዘገምተኛ ፊልምና የእናቶቻችን ፊት

በሊልበርን በበዓል ቀን የተነሡትን የእናቶቻችንን ፎቶግራፎች ስንመረምር ነጠላው አምሮ፣ ፊታቸው ግን ጨልሞ እናገኘዋለን። ጥፋቱ የመልካችን አይደለም። ኮዳክ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአታሚዎች ያሠራጨው የቀለም መመዘኛ፣ «ሸርሊ ካርድ»፣ ለአሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበረ፤ ሚዛኑም ከመነሻው ያዘነበለ ነበረ።

ብዙ ብርሃን ከሚሹት ዘገምተኛ የቀለም ኔጋቲቮች መካከል ኤክታር 100 ቅንጣቱ እጅግ የላመ ነው፤ ሆኖም ቀለምን ያጋንናል፣ ፊትንም ወደ ቀይ ይስባል። ፖርትራ 160 ለዘብ ስለሚል ለሰው ፊት ይመረጣል። ብርሃኑንም ከነጠላው ሳይሆን ከፊታቸው እንለካ፤ ኔጋቲቭ የብርሃን ብዛትን ይታገሣል፣ ጉድለትን ግን አይምርም። ኅትመቱም በፊታቸው ቀለም እንዲመዘን አጣቢውን እንጠይቅ፤ አለዚያ ምርጫችን ከንቱ ይሆናል።