ከሰኔ በፊት መጋጠሚያውን

ግንቦት ሲገባ አዲ አርቃይ ወዳለው ሥራ ቤቴ የሚመጣው የተሰበረ ዕቃ፣ አብዛኛው የተሰበረው ከሌላው ጋር በተጋጠመበት ቦታ ላይ ነው። ሞፈር ሲሰነጠቅ እርፍ ከገባበት ቀዳዳ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ምራን ሲበጠስ ቀንበሩን በሚታከክበት ላይ ይበጠሳል። ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮው ራሱ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ ውሃው የሚገባው ሚስማር በተመታበት ወይም ሁለቱ ቆርቆሮዎች በተደራረቡበት ነው። እንጨት እጠርባለሁ፣ ብረት እቀጠቅጣለሁ፣ መብራት ሲኖር እበይዳለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ስለ ክረምት የተማርኩት ዋናው ነገር ዝናብ የሚፈትነው መጋጠሚያን መሆኑን ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ሁለት ነገር የተገናኘበትን ነው።

ከደባርቅ ተነስቶ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርበው ባወጡት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የወረደ መንገደኛ፣ ዛሪማን አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ነው። ከላይ በሰሜን ተራሮች ጥግ ያለው ገበሬ ገብስ ያርሳል፤ እታች እኛ ጤፍ፣ ማሽላና ዳጉሳ ነው። ሁለቱም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ዕቃቸው ግን አንድ አይደለም። የደጋው ሰው አፈሩ ጭንጫ ስለሆነ አጠር ብሎ የወፈረ ማረሻ ይፈልጋል፤ የቆላው ሰው ረዘም ያለውን። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። እንጨት ለሚጠርብ ሰው ግን ዝግጅቱ ከዚያ ወራት ቀድሞ ይጀምራል፤ በበጋ ተቆርጦ በጥላ ሥር ያልደረቀ እንጨት ለሰኔ አይደርስም። በግንቦት መጨረሻ እርጥብ ግንድ ተሸክሞ ለሚመጣ ሰው ልቤ ያዝናል፤ የቻልኩትን ብሠራለትም ያ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያውም ይላላል።

ስለ በሬ ማረሻ ረዘም አድርጌ ልናገር። እርፉ በሞፈሩ ቀዳዳ ያልፋል፤ በጫፉ ብረቱን ይለብሳል፤ ድግሮቹ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ወገሉ አንገታቸውን ከብረቱ ጋር አንቆ ይይዛል፤ ሞፈሩ ሦስት ሜትር ያህል ሄዶ ከቀንበሩ ጋር በምራን ይታሰራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ብሎን የለም። የሚይዘው ቅርቃርና ጠፍር ነው። ሙሉ ዕቃው ከነቀንበሩ ከ17 እስከ 26 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ገበሬው በትከሻው ተሸክሞ ዳገት ይወጣበታል። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ አፈር የሚገለብጥ የብረት ማረሻ ደጋግሞ ወደ አገራችን ገብቷል፤ በ1960ዎቹም አርሲ ውስጥ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ የተሻሻለ ማረሻ ሠርቶ ሞክሯል። ገበሬው በብዛት አልያዘውም። ከበደው፣ ተወደደበት፣ ሲሰበርም በአቅራቢያው የሚጠግንለት አጣ። እኔ ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ሰው ስሰማ እቆጣለሁ። ገበሬው የመረጠው ማታ ተሰብሮ ጠዋት የሚጠገነውን ነው፤ ዝናብ ሰው አይጠብቅምና።

የእንጨት መጋጠሚያ ትልቁ ጉዳይ እብጠት ነው። እርፉን በግንቦት ፀሐይ ጥብቅ አድርጌ ባስገባው፣ ሐምሌ ላይ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ሞፈሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ትንሽ ፋታ እተውለትና ፋታውን በቅርቃር እሞላዋለሁ። ቅርቃሩ ይውጣ ቢባል ይወጣል፤ ሞፈር ግን አንዴ ከተሰነጠቀ የለም። ብዙ ጎረምሳ ገበሬ ይህ አይዋጥለትም። ዕቃውን ይነቀንቅና፣

«አያ፣ ይኸ እርፍ ይወዛወዝብኛል እኮ» ይለኛል።

«እስከ ሐምሌ ሥላሴ ቅርቃሩን መታ መታ እያደረግህ እረስበት። ከዚያ ወዲያ ራሱ ይይዝልሃል» እለዋለሁ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ድግርና እርፍ ከወይራ፣ ቀንበር ግን ቀለል ካለ እንጨት እንዲሆን ይሉ ነበር። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ይበረክታል። ቀንበር ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሬ አንገት ላይ ስለሚውል ክብደቱ ይታሰባል፤ ለዚህ ዋንዛ መልካም ነው። አሁን ወይራው እያለቀ ነው። ባሕር ዛፍ ሞፈር ለመሆን ቀጥታው ይመቻል፤ ድግር ሲሆን ግን አይበረክትም። በመሬቱ ላይ ወይራ የቆመለት ሰው ለከሰል ከመቁረጡ በፊት ደግሞ ቢያስብ እወዳለሁ።

ጠፍር ከእንጨት ተቃራኒ ነው። ጥሬ ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በደረቅ ቀን የተጠበቀ ምራን በዝናብ ይረዝማል፤ ምራን ሲረዝም ሞፈሩ በቀንበሩ ላይ ያለው ቦታ ይለወጣል፤ ማረሻውም አንዴ ይሰምጣል፣ አንዴ በላይ በላይ ይሄዳል። ገበሬው ጥፋቱን ከበሬው ላይ ይጥልና ጅራፉን ያነሳል። በሬው አልበደለም። ጠፍር ከግንቦት ጀምሮ ሞራ ወይም ቅቤ እየተቀባ፣ በእጅ እየታሸ ቢከርም ውሃ አይጠጣም። ዛሬ ብዙው ሰው በናይለን ገመድ ተክቶታል። ናይለን በዝናብ አይረዝምም፤ ነገር ግን ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ፀሐይም ውሎ አድሮ ያፈረካክሰዋል። ለቀንበሩ ማሰሪያ አሁንም ቆዳ እመርጣለሁ።

ብረቱን በአብዛኛው የምሠራው ካረጀ የመኪና ባሌስትራ ነው። የማረሻ ጫፍ ክረምቱን ሙሉ ድንጋይ እየበላው ያጥራል፤ በየጊዜው በእሳት ተስሎ፣ ተስቦ ይረዝማል። አስቸጋሪው ውሃ ማጠጣቱ ነው። ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ በድንገት ውሃ ከገባ ይጠነክራል፣ ነገር ግን ድንጋይ ሲነካ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ውሃ ሳይነካ ከቀረም ይታጠፋል። ጫፉን ብቻ ነክሬ ቀሪው ሙቀት መልሶ እንዲያለዝበው እተወዋለሁ። ይህን ለማየት ጨለም ያለ ቤት ያስፈልጋል፤ የብረት ቀለም በፀሐይ ብርሃን ያታልላል።

ይህ እውቀት ከየት እንደመጣ መናገር ግዴታዬ ነው። በጎንደርና በሰሜን ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት ለረጅም ዘመን በአብዛኛው በቤተ እስራኤል እጅ ነበር። ሰው ማረሻውን ከእነርሱ እየወሰደ፣ እያረሰበት፣ እየበላበት፣ መልሶ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ኖረ። ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው ወደ እስራኤል ሄዱ። ወናፉን የሚነፋ ሰው በየቀበሌው ጠፋ። መምህሬ ሙያውን ያገኙት ከእንዲህ ያለ ጎረቤት እግር ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ስሙን ሳያነሱ መዶሻ አያነሡም ነበር። ዛሬም ልጁን «ቀጥቃጭ ትሆናለህ?» ብሎ የሚያስፈራራ አባት በገበያ እሰማለሁ። ያ አባት በሰኔ ማረሻውን ይዞ ደጄ ይቆማል፤ ልጁንም አስከትሎ ይመጣል። እኔ ለልጁ ወናፉን እሰጠዋለሁ፤ ደስ ብሎት ይነፋል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ደረሰ። ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ደባርቅ ተሰደደ፤ ጊዜው ጤፍ የሚዘራበት ነበር። ሰው ሲመለስ ከጠፋው ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀው የእርሻ ዕቃን ነው። ሞፈርና ቀንበር ደረቅ እንጨት ስለሆነ ማገዶ ሆኖ ጠብቆናል። ያኔ ጥሩ ወይራ አልመረጥንም። ከተገኘው ሁሉ ጠረብን፤ ከፊሉ ክረምቱን አልወጣም፣ መሬቱ ግን ታረሰ።

የቤቱ ነገር አጭር ነው። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ቆርቆሮውን በሙሉ ከመቀየሩ በፊት ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ይመልከት፤ ጎማቸው በፀሐይ ከተሰነጠቀ ውሃው በዚያ ይገባል። አሸንዳው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት፣ በሩ ከመቃኑ፣ ጎተራው ከመሬቱ የሚነካካባቸው ቦታዎች ይታዩ። ጎተራ ድንጋይ ላይ ከፍ ካላለ የታችኛው እህል በነሐሴ ይሻግታል። ቤቱን የሚዞረው ጉድባ ዝናብ ሳይጀምር ይጠረግ።

ስለ ትራክተርም የምለው አለኝ፤ በወጣትነቴ ቆላ ወርጄ ሰሊጥ እርሻ ላይ የትራክተር ረዳት ነበርኩ። መተማና ሁመራ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሲጠግብ ጎማ ይውጣል። በመጀመሪያዎቹ ዝናቦችና በጭቃው መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ በዚያች ጊዜ የማይነሣ ትራክተር ለዚያ ዓመት የለም ማለት ነው። በጋውን የቆመ ሞተር ትልቁ ጠላቱ ናፍጣው ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ግማሽ የሆነ ታንከር በውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ውሃው ከታች ይቀመጣል። ስለዚህ ሳይነሣ በፊት ከሥሩ ይፈስሳል፣ ፊልትሮው ይለወጣል። በርሜልም ቀጥ ብሎ ውጭ ከቆመ ዝናቡ ክዳኑ ላይ ይጠራቀምና፣ ማታ ናፍጣው ሲቀዘቅዝ በክዳኑ ጥርስ በኩል ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ አጋድሞ ማስቀመጥ ይበቃል። ከዚያ ግራሶ፦ የሚዞር ነገር ሁሉ አሮጌው ግራሶ ከነአቧራው ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ አዲስ ይሞላበታል። የባትሪ አንገት ይጠረጋል፣ አይጥ የቆረጠችው ሽቦ ይፈለጋል። እዚያም የምናየው የተገናኘበትን ቦታ ነበር።

አዲ አርቃይ ትልቅ ትራክተር የሚዞርበት ሜዳ ብዙ የለውም። ባለ ሁለት ጎማው፣ በእጅ የሚመራው፣ ለእኛ ቁልቁለት ይሻላል ወይ ብለው ወጣቶች ይጠይቁኛል። መጋጠሚያውና ማርሹ ሲላላ የሚያጠብቅ ሰውና መለዋወጫ እዚሁ ካለ፣ አዎ እላቸዋለሁ። መለዋወጫው ከጎንደር የሚጠበቅ ከሆነ በሬያቸውን አይሽጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉንም እጠይቃለሁ። በፍልሰታ ጾም፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ዕቃችሁን አንድ ጊዜ መልሳችሁ አሳዩኝ እላለሁ። ያኔ እንጨቱ የሚያብጠውን ያህል አብጧል፣ ብረቱ ግማሹን ተበልቷል፣ ምራኑም መርዘሙን ጨርሷል። ቅርቃሩን አውጥቼ ቀጠን ባለው እተካዋለሁ፣ ወገሉን አጠብቃለሁ፣ ጫፉን እስላለሁ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልቀበልም፤ የሚመጡት ግን ጥቂቶች ናቸው፣ ሌሎቹም ቢመጡ እወዳለሁ።