ከፕላቲው በፊት ውሃው

ፕላቲ የተባለው ትንሽ ዓሣ ለጀማሪ አርቢ የሚመከረው ቻይ ስለሆነ ነው፤ ይሁን እንጂ ቻይነቱ የአርቢውን ዝንጋታ ለጥቂት ቀናት ይሸፍን ይሆናል እንጂ የተበላሸን ውሃ አያድንም። ይህን ሙያ በቅጡ የያዘ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ለውሃው የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

አዲስ በተሞላ አኳሪየም፣ ማለትም በመስታወት በተሠራ የዓሣ ማኖሪያ፣ ውስጥ ያለው ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ዓሣ ለማኖር ገና አልደረሰም። ዓሣ በመተንፈሻ አካሉ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለ መርዛማ ውህድ ያስወግዳል፤ ከኩሱና ሳይበላ ከበሰበሰው ምግብም ተጨማሪ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ እሱንም ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀነሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ አርቢውም በዚህ ጊዜ ዓሣ ሳያስገባ ጥቂት በጥቂት አሞኒያ እየጨመረ ውሃውን ይለካል፤ የተጨመረው አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ዓሣ ለማስገባት ይበቃል። በፕላቲ ዘንድ ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው፣ ለእሱ የሚስማማው ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ7 እስከ 8 የሆነ ውሃ በመሆኑ ነው፤ ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ከአሞኒያው መርዛማ የሚሆነው ክፍል ይጨምራልና፣ ለዓሣው ጤና የሚመረጠው ውሃ ራሱ ስንፍናን የማይምር ውሃ ነው።

ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ያህል መለወጥ ይበቃል። ስፖንጁ ግን በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል፣ ከአኳሪየሙ በተቀዳው አሮጌ ውሃ ቀስ ብሎ መጨመቅ አለበት።

አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ላይ ደግሞ ሁለት ነገሮች ይታሰቡ። ፕላቲ የተገኘው ከሜክሲኮ ቬራክሩዝ እስከ ሰሜን ቤሊዝ ካለው ቆላ በመሆኑ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይህን ያለ ማሞቂያ ማግኘት አይቻልም። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋና ማጣሪያው ሲቆም ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ከታዩ፣ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባላቸዋል። ለደጋ አርቢ ብዙ ዓሣ ማጨቅ ከማንም በላይ አይመከርም፤ 60 ሊትር ውሃ ለአምስት ወይም ለስድስት ፕላቲ ይበቃል።

ምግቡ አያስቸግርም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል ይሰጣል፤ ፕላቲ ቅጠል ወዳድ ስለሆነም ለብለብ ተደርጎ የተቀቀለ ቆስጣ ወይም ዝኩኒ ይጨመርለታል።

ፕላቲ እንቁላል አይጥልም፤ ሴቷ በ4 ሳምንት ገደማ የሚዋኙ ጫጩቶችን ትወልዳለች። ጾታን ለመለየት ከሆድ ሥር ያለውን ክንፍ ማየት ይበቃል፦ የሴቷ የተዘረጋ ሦስት ማዕዘን ሲሆን የወንዱ ጠብቦ ወደ ኋላ የተኛ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ጎኖፖዲየም የሚባለው ይህ ክንፍ ዘርን ወደ ሴቷ ያስተላልፋል። የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ የሴቷ ሆድ ከጎን ሲታይ ማዕዘን ያበጃል፤ እሷም ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ዕፅዋቱ ትጠጋለች። ትልልቆቹ ዓሦች፣ እናቲቱም ጭምር፣ ጫጩቶቹን ስለሚበሉ ጥቅጥቅ ያለ የውሃ ዕፅዋት ከማንኛውም የመውለጃ ሳጥን ይልቅ ይመረጣል፤ በሳጥን መታጎር እናቲቱን ያስጨንቃታልና። ወንዱ ሴቷን እያሳደደ እንዳያደክማት ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት መያዝ ይገባል፤ ሴቷ ዘሩን በሰውነቷ ለወራት ስለምታቆይ ግን ከሱቅ ብቻዋን የተገዛችውም ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። የተትረፈረፈውን ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም፤ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ፕላቲ የአገሩ ባልሆነ ውሃ እስከ ዛሬ ይራባል። ጫጩት ተቀባይ አስቀድሞ ያላገኘ ጀማሪ ወንዶችን ብቻ ቢይዝ ይሻለዋል።