ከምልልሱ በፊት የሚጻፈው

የተከታታይ ድራማ ዕቅድ እጄ ሲገባ ከመጨረሻው ገጽ እጀምራለሁ። ደራሲው የት እንደሚደርስ ሳያውቅ ከተነሣ እዚያ ይታወቃል፤ «በመጨረሻም እውነቱ ይወጣል» ብሎ ያልፋል። የትኛው እውነት? በማን አፍ? ማንስ ምን ያጣበታል? እነዚህን የመለሰ ዕቅድ ምልልስ ቢጻፍለት አያሰጋም።

ቀጥዬ የማየው በየትዕይንቱ ምን እንደሚለወጥ ነው። ታሪኩ አዲ አርቃይ ላይ ነው እንበል። «ሹፌሩና ተሳፋሪዋ ሻይ ቤት ተቀምጠው ያወራሉ» የሚል መስመር ምንም አላቀደም። እንዲህ ከሆነስ? ሊማሊሞ ላይ ናዳ መንገዱን ዘግቷል። ጎንደር ሆስፒታል የተኛ አባቷ ጋ ለመድረስ የቸኮለችው ሴት አዲ አርቃይ ለማደር ተገዳለች። አልጋ የያዘችበት ቤት ባለቤት ደግሞ በውርስ ጉዳይ ተጣልታ ለዓመታት ዓይኑን ያላየችው ወንድሟ ነው፤ አባታቸው መታመሙንም አልሰማም። ገና አንድ ቃል ሳይነገር ሴትዮዋ መምረጥ አለባት፦ ትነግረዋለች ወይስ ሲነጋ ዝም ብላ ትሄዳለች? ተዋናይዋም የምትጫወተው ነገር አገኘች።

ይህ ታሪክ ወደ ቦሌ ቢዛወር ይፈርሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ያ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ባይኖር እኅትና ወንድሙ አይገናኙም ነበርና። ቦታን በዚህ መንገድ ሥራ የሚያሠራ ዕቅድ ብርቅ ነው። አብዛኛው ተራራውን ለመክፈቻ ሥዕል ብቻ ይፈልገዋል። አገሩን የሚያውቅ ደራሲ ግን ደባርቅ ላይ ጋቢ የደረበው ሰው ቁልቁለቱን ወርዶ ዛሬማ ሲደርስ እንደሚያወልቀው አስቀድሞ ይጽፋል። የዋልድባ መነኩሴ ካስገባም ገዳሙ ውስጥ እንጀራ አያስቆርሳቸውም፤ እዚያ እህል አይቀመስም፣ ምግባቸው ቋርፍ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ዕቅዱ ላይ በአንድ መስመር ይታረማል፤ ከቀረጻ በኋላ ግን ማን ያርመዋል?

የብዙዎቹ ድራማዎቻችን ሕመም ተመልካች ሲወዳቸው መርዘማቸው ነው። ታሪኩ አልቆ ክፍሉ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ የጠፋ ልጅ ይመጣል፣ የሞተው ይነሣል። ስለዚህ የመካከለኛዎቹን ክፍሎች አጥብቄ እመረምራለሁ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የድሮው ግጭት ከተረሳ ዕቅዱ ባዶ ነው። ደራሲዎቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ደግሞ ዕቅዱ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበውን «እረኛዬ»ን ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ ናቸው የጻፉት። ሦስት ብዕር በሚገናኝበት ሥራ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚደብቅ አስቀድሞ ካልተስማሙበት፣ ሰውየው በየክፍሉ ሌላ ሰው ይሆናል።

የዕቅድ ቋንቋ ቢሻክር ግድ የለኝም። ከተዋበ ምልልስ ጋር የመጣ ዕቅድ ግን ያስጠረጥረኛል፤ ምልልሱን በእርሳስ ሰርዤ የቀረውን አነባለሁ፤ ሰዎቹ አሁንም የሚጣሉበት ነገር ካላቸው ለአዘጋጁ አሳልፌ እሰጠዋለሁ።