የእርሳስ ወታደር በቀለሙ ይታወቃል

በኮልፌ ቀራኒዮ መንደሮች የሚዞረው ቁራሌው የእርሳስ ወታደር ቢያገኝ የሚመዝነው በኪሎ ነው። የአሻንጉሊቱ ዋጋ ግን ከላዩ ያለው ስስ ቀለም ነው።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው የእንግሊዙ የብሪቴንስ ሥራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ፋብሪካው ሁለት የኢትዮጵያ ስብስቦችን ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ቁጥር 1424 የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ፣ ቁጥር 1425 የአገሬው ጦረኞች ናቸው። ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ከእነዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ሊገዙ ያሰቡትን ወታደር መጀመሪያ በእጅዎ ይመዝኑት። ብሪቴንስ እ.ኤ.አ. በ1893 የጀመረው አሠራር ውስጡን ባዶ ያደርገዋል፤ የቀለጠው እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስና ዳር ዳሩ እንደረጋ መሀሉ ይደፋል። 54 ሚሊ ሜትር የሚሆነው እግረኛ ስለዚህ ቀለል ይላል። የጀርመኗ ድሬስደን የሃይደ ፋብሪካ ሥራ ድፍን ነውና ይከብዳል። ኤላስቶሊን የሚባለው ሌላው የጀርመን ሥራ ደግሞ እርሳስ አይደለም፤ በሽቦ ላይ የተለጠፈ ሰጋቱራና ሙጫ ነው።

ቀጥሎ ፊቱን ይመልከቱ። ቀቢዎቹ በእጃቸው፣ በፍጥነት ይሠሩ ነበር፤ ዓይን አንድ ነጥብ፣ ቅንድብ አንድ ጭረት ነው። ጥሩ ሥራ የሚባለው ዝርዝር የበዛበት ሳይሆን ያቺ አንዲት ጭረት ሳትንቀጠቀጥ ቦታዋ ላይ ያረፈችበት ነው። ሽፋሽፍቱ ሁሉ ተቆጥሮ የተሳለ ፊት ካዩ የኋላ ሰው እጅ እንዳለበት ይጠርጥሩ።

መፋቁም ይመሰክራል። የልጅ መጫወቻ የሚላጠው ከቆቡ አናት፣ ከጠመንጃው አፈሙዝና ከመቆሚያው ጠርዝ ነው። እነዚህ አዲስ ሆነው ሌላው ካረጀ፣ ወይም ከቀለሙ ሥር የድሮ ልጣጭ ጎድጓዳ ከታየ፣ እንደገና ተቀብቷል። ገልብጠው ከሥሩ የተቀረጸውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ፊደሎቹ በቀለም ተደፍነው ከሆነም እንዲሁ ነው። ግማሽ ቀለሙ የረገፈ፣ ማንም ያልነካው ወታደር ዳግመኛ ከተቀባና ከሚያብረቀርቅ ይበልጣል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ግራጫ ወይም ነጭ ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ግን አይግዙት፤ እርሳሱ እየተበላ ነው። ከእንጨት ሣጥን የሚወጣ የአሲድ ትነት ያባብሰዋልና ያሉዎትንም ከእንጨት ያርቁ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ከነኩት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታም ያስቀምጡት።